ካርታ ማንበብ እንማር፦ የኦምዱርማን ከተማና የከረሪ ኮረብታዎች



በዚህ የትምህርት ዓምዳችን የምናቀርብላችሁ ርዕስ ካርታ ማንበብ ነው። ካርታ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየነውን፣ አገሮች በልዩ ልዩ ቀለም የተቀቡበትን ትልቅ ወረቀት ነው። የዛሬው ትምህርታችን ግን በሌላ ዓይነት ካርታ ላይ ያተኩራል። ይህ ካርታ የሚያሳየው ከአገር ድንበር ይልቅ የመሬትን መልክ፣ ማለትም ኮረብታውን፣ ሜዳውን፣ ወንዙንና ፈፋውን ሲሆን፣ ቶፖግራፊካዊ ካርታ ተብሎ ይጠራል።

ይህን ርዕስ የመረጥነው ለጠቅላላ ዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። ስደተኛ ሰው በማያውቀው መሬት ላይ ቤት ይሠራል። ተወልዶ ባደገበት ቀዬ ክረምት ሲገባ ውሃ የሚተኛበትን፣ ጎርፍ የሚወርድበትን ቦታ ከአባቶቹ ሰምቶ ያውቃል። ስለዚህ እዚያ ላይ ጎጆ አይቀልስም። በሰው አገር ግን ይህን የሚነግረው ሽማግሌ አጠገቡ የለም። በበጋ ይደርሳል፤ ደረቅና ለጥ ያለ ቦታ ያገኝና ራኩባውን ይተክላል። ሱዳኖች ኸሪፍ የሚሉት የዝናብ ወቅት ሲገባ ግን ያ ደረቅ ቦታ የውሃ መንገድ ሆኖ ይገኛል። ካርታ ማንበብ የሚችል ሰው፣ ወይም መሬትን እንደ ካርታ ማየት የለመደ ሰው፣ ይህን ጉዳት አስቀድሞ ሊያውቀውና ሊከላከለው ይችላል።

ለምሳሌ እንዲሆነን የወሰድነው ከካርቱም ማዶ የሚገኘውን የኦምዱርማን ከተማና በስተሰሜኑ ያሉትን የከረሪ ኮረብታዎች የሚያሳየውን የቆየ ካርታ ነው። ይህ አካባቢ በ1898 በተደረገው ታላቅ ጦርነት ምክንያት ብዙ ካርታ ተሠርቶለታል። በጦርነቱ ላይ የተሳተፈው እንግሊዛዊው ዊንስተን ቸርችል በ1899 ያሳተመው የወንዙ ጦርነት የተባለው መጽሐፍም የጦር ሜዳውን ካርታ ይዟል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን እንድትገነዘቡልን እንጠይቃለን።

1. ቦታው

ካርቱም ሁለት ወንዞች የሚገናኙባት ከተማ ናት። ከደቡብ ነጭ አባይ ይመጣል፤ ከደቡብ ምሥራቅ ደግሞ ከጣና ሐይቅ የሚወጣው ጥቁር አባይ ይደርሳል። መገናኛውን ሱዳኖች ሞግረን ይሉታል። በሁለቱ ወንዞች መካከል ያለችው ካርቱም ናት። ከጥቁር አባይ በስተሰሜን ያለችው ባሕሪ፣ ከወንዙ በስተምዕራብ ያለችው ደግሞ ኦምዱርማን ናት። በመገናኛው አጠገብ ቱቲ የምትባል ደሴት አለች።

አሁን ቁጥሮቹን እንመልከት። ጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,790 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። ወንዙ የኢትዮጵያንና የሱዳንን ድንበር በሚያቋርጥበት ስፍራ ከፍታው 490 ሜትር ገደማ ነው። ካርቱም ሲደርስ 380 ሜትር ያህል ይሆናል። ይህም ማለት አባይ በኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ 1,300 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ከድንበሩ እስከ ካርቱም ባለው ረጅም መንገድ ግን የሚወርደው 110 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በእኛ አገር ወንዙ በጥልቅ ገደል ውስጥ ተወስኖ ይሄዳል፤ ሲሞላም ወደ ላይ ከፍ ይላል እንጂ ብዙ አይሰፋም። በሱዳን ሜዳ ላይ ግን አንድ ሜትር ከፍ ያለ ውሃ ወደ ጎን እጅግ ርቆ ይሰፋል። ስለዚህ በዚህ አገር ጥቂት ሜትር ከፍታ ትልቅ ነገር ነው።

ኮረብታዎቹም እንዲሁ ናቸው። ከኦምዱርማን በስተሰሜን፣ በወንዙ ምዕራብ ዳር፣ የከረሪ ኮረብታዎች አሉ። ከነሱ በስተደቡብ ጀበል ሱርጋም የሚባል ነጠላ ኮረብታ ይገኛል። ከከተማው በስተምዕራብ በኩል የመርኺያት ኮረብታዎች ይታያሉ። ከካርቱም በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደግሞ ጀበል አውሊያ አለ። በደጋ ላደገ ሰው እነዚህ ኮረብታ ለመባል የሚበቁ ላይመስሉት ይችላሉ። ነገር ግን ዝናብ ሲጥል ውሃው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

2. ካርታው እንዴት ተሠራ?

ካርቱም በ1821 በግብፅ ጦር ሰፈርነት ተቆረቆረች። ከ10 ወር ከበባ በኋላ ጃንዋሪ 26 ቀን 1885 በማህዲ ተከታዮች እጅ ወደቀች። ማህዲ በዚያው ዓመት በጁን ወር ሲሞት የተተካው ኸሊፋ አብዱላሂ ኦምዱርማንን ዋና ከተማው አደረጋት። ከተማዋም በወንዙ ዳር 10 ኪሎ ሜትር ያህል እስክትረዝም ድረስ አደገች። ይህ ዘመን ከእኛም ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በማርች 1889 መተማ ላይ ከኸሊፋው ጦር ጋር ሲዋጉ ቆስለው ካረፉ በኋላ ራሳቸው ተቆርጦ የተወሰደው ወደዚችው ኦምዱርማን ነበር።

በዚያን ጊዜ የውጭ ሰው እንደልቡ ገብቶ ኦምዱርማንን መለካት አይችልም ነበር። ታዲያ የከተማይቱ ካርታ ከየት መጣ? መልሱ ለእኛ ለስደተኞች ትኩረት የሚስብ ነው። ካርታው በከፊል የመጣው ሸሽተው ካመለጡ ሰዎች ትዝታ ነው። አባ ኦርዋልደር የተባሉት የካቶሊክ ቄስ ለዓመታት በምርኮ ከቆዩ በኋላ በ1891 አመለጡ። ቀደም ሲል የዳርፉር ገዥ የነበረው ኦስትሪያዊው ሩዶልፍ ስላቲን ደግሞ ከ11 ዓመት ምርኮ በኋላ በፌብሩዋሪ 1895 አምልጦ በበረሃ ግብፅ ገባ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1896 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የካርቱምና የኦምዱርማን ፕላን ይገኛል። የግንቡ አጥር፣ የማህዲ መቃብር ጉልላት፣ ገበያው፣ እስር ቤቱ የት የት እንደሆነ የታወቀው እንዲህ በእግራቸው ሲመላለሱበት በኖሩ ሰዎች አንደበት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ካርታ ለመሥራት የሚያስፈልገው መሣሪያ ብቻ አይደለም። በቦታው የኖረ፣ መንገዱን የለየ ሰው ዕውቀትም ካርታ ነው። ሁለተኛ፣ ካርታ ባለቤት አለው። የዚያ ዘመን የኦምዱርማን ካርታ የተሠራው ከተማይቱን ለመውጋት ለተዘጋጀ ጦር ነበር። ስለዚህ ለጦር የሚጠቅመውን፣ አጥሩን፣ ምሽጉን፣ የጀልባ ማቆሚያውን አጉልቶ ያሳያል። እናቶች ውሃ የሚቀዱበትን ወይም ድሃ የሚኖርበትን ዝቅተኛ ሰፈር በዝርዝር ለማሳየት አልታሰበም። ማንኛውንም ካርታ ስናነብ ማን ሠራው፣ ለምንስ ሠራው ብለን መጠየቅ ይገባናል።

3. ካርታን የምንጠይቃቸው አምስት ጥያቄዎች

ሀ/ መቼ ተሠራ? በካርታው ጠርዝ ላይ ዓመቱ ይጻፋል። የ1898 ካርታ የ1898ን ወንዝ ያሳያል። በነጭ አባይ ላይ የጀበል አውሊያ ግድብ ሥራ የተጠናቀቀው በ1937 ነው፤ በጥቁር አባይ ላይ የሮሰይረስ ግድብ የተሠራው በ1966 ነው፤ የታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ የተመረቀው በሴፕቴምበር 2025 ነው። በእነዚህ ምክንያት የወንዞቹ አመላለስ ከድሮው ተለውጧል። ኮረብታው ግን ቦታው ላይ ነው።

ለ/ ሰሜን የት ነው? በአብዛኛው ካርታ ላይ ሰሜን ወደ ላይ ነው። ካርታውን መሬት ላይ ዘርግታችሁ፣ ጠዋት ፀሐይ የምትወጣበትን ከካርታው ቀኝ ጋር አስተካክሉ። ያን ጊዜ ካርታውና መሬቱ አንድ አቅጣጫ ይይዛሉ።

ሐ/ ስኬሉ ስንት ነው? ስኬል በካርታው ላይ ያለ ርቀት በመሬት ላይ ስንት እንደሚሆን ይነግረናል። 1፡50,000 ከሆነ በካርታው 1 ሳንቲ ሜትር በመሬት 500 ሜትር ነው። ለብዙ ዓመታት በሱዳን ሲሠራበት የቆየው የ1፡250,000 ካርታ ላይ ግን 1 ሳንቲ ሜትር 2.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በእንግሊዞች የድሮ ካርታ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው አንድ ኢንች ለአንድ ማይል የሚለው ልኬት ነው፤ ይህም 1፡63,360 ማለት ነው። ከረሪ ላይ ጦርነቱ የተደረገበት ሜዳ ከኦምዱርማን 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በ1፡250,000 ካርታ ላይ ይህ ርቀት ከ4.4 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ አንድ አውራ ጣት የሚሸፍነው ነው።

መ/ ምልክቶቹ ምን ይላሉ? የካርታው መፍቻ ብዙ ጊዜ ከግርጌ ይገኛል። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ ባልተቋረጠ መስመር ይሣላል። በዝናብ ጊዜ ብቻ የሚፈስ ወንዝ፣ ሱዳኖች ኾር የሚሉት፣ ብዙውን ጊዜ በተቆራረጠ መስመር ይታያል። ይህን የተቆራረጠ መስመር አደራ አስተውሉት፤ የዚህ ትምህርት ዋና ጉዳይ እሱ ነው።

ሠ/ ከፍታው በምን ተገለጸ? በ19ኛው ምዕተ ዓመት ካርታዎች ላይ ኮረብታ ብዙ ጊዜ የሚገለጸው ከላይ ወደ ታች በተሠሩ አጫጭር ጭረቶች ነው። ጭረቶቹ ሲጠቁሩና ሲቀራረቡ ገደሉ ቀጥ ያለ ነው ማለት ነው። በኋላ ግን ኮንቱር የሚባሉት መስመሮች ተለመዱ። አንድ የኮንቱር መስመር እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ሁሉ ያገናኛል። መስመሮቹ ሲቀራረቡ ዳገቱ ከባድ ነው፤ ሲራራቁ መሬቱ ለጥ ያለ ነው። መስመሩ በሸለቆ ላይ ሲያልፍ እንደ ቀስት ይታጠፋል፤ የቀስቱም ጫፍ ውሃው ወደሚመጣበት ወደ ላይኛው በኩል ያመለክታል።

4. በሳፋ የሚደረግ ሙከራ

ኮንቱር ለመረዳት የሚያስቸግር ቢመስልም ማንም ሰው ሊያደርገው በሚችል ሙከራ ግልጽ ይሆናል። መምህራንም ለልጆች ሊያሳዩት ይችላሉ። በሳፋ ውስጥ ከጭቃ ሁለት ትንንሽ ኮረብታዎች ሥሩ፤ በመካከላቸውም ፈፋ አውጡ። ጭቃው ትንሽ እስኪጠነክር ጠብቁ። ከዚያ አንድ ጣት ያህል ከፍታ ውሃ ጨምሩና ውሃው ጭቃውን የነካበትን ዙሪያውን በእንጨት ጫሩት። እንደገና አንድ ጣት ጨምሩና ጫሩ። ኮረብታዎቹ ሊሰጥሙ እስኪቃረቡ ድረስ ቀጥሉ። በመጨረሻ ውሃውን አፍስሱና ከላይ ቁልቁል ተመልከቱ። የምታዩዋቸው ክብ ክብ ጭረቶች የኮንቱር መስመሮች ናቸው። በፈፋው ላይ ጭረቶቹ ወደ ውስጥ መታጠፋቸውንም ታያላችሁ።

ከዚህ ሙከራ አንድ ሌላ ነገር ልብ በሉ። በሁለት ጭረቶች መካከል ያለው ጭቃ ምን መልክ እንዳለው ጭረቶቹ አይናገሩም። በዚያ መካከል ጥልቀቱ ከአንድ ጣት ያነሰ ጉድጓድ ብትቆፍሩ በካርታችሁ ላይ ላይታይ ይችላል። በኢትዮጵያ 1፡50,000 ካርታዎች ላይ በሁለት ኮንቱር መካከል ያለው ልዩነት ብዙውን ጊዜ 20 ሜትር ነው። ሰው ቆሞ የሚሰወርበት የ3 ሜትር ፈፋ በዚያ መካከል ሊደበቅ ይችላል። በሱዳን ሜዳ ላይ ይህ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ቀጥሎ እናያለን።

5. ሦስት ምሳሌዎች

የመጀመሪያው ምሳሌ የ1885ቱ የካርቱም መውደቅ ነው። ከተማይቱን ሲከላከል የነበረው ጄኔራል ጎርደን በሰሜንና በምዕራብ በወንዞቹ ተማምኖ ነበር። በደቡብ በኩል ደግሞ ከጥቁር አባይ እስከ ነጭ አባይ የሚደርስ ቦይና የአፈር ካብ ነበረ። በካርታ ላይ ሲታይ ከተማይቱ ዙሪያዋን የተዘጋች ትመስላለች። ነገር ግን ነጭ አባይ በሙላቱ ጊዜ የካቡን ምዕራባዊ ጫፍ አፍርሶት ነበር። በጃንዋሪ ወንዙ ጎድሎ ሲሸሽ በውሃውና በካቡ ጫፍ መካከል ባዶ የጭቃ ሜዳ ተከፈተ። የማህዲ ሠራዊት በሌሊት ከገባባቸው በሮች ዋናው ይህ ነበር። ካርታ የወንዝን ዳር በአንድ ቀጭን መስመር ይሥላል፤ እውነተኛው የወንዝ ዳር ግን በየወሩ ቦታውን ይለውጣል።

ሁለተኛው ምሳሌ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1898 በከረሪ የሆነው ነው። በጄኔራል ኪችነር የሚመራው የእንግሊዝና የግብፅ ጦር 25 ሺህ ያህል ሲሆን፣ ጀርባውን ለአባይ ሰጥቶ በግማሽ ክብ ሰፍሮ ነበር። የኸሊፋው ሠራዊት 50 ሺህ ያህል ነበር። ለጥ ባለው ሜዳ ላይ በመትረየስና በመድፍ ፊት የመጡት የኸሊፋው ወታደሮች በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ ሞቱባቸው፤ ከኪችነር ጦር የሞቱት ግን 50 ያህል ብቻ ነበሩ። መሸሸጊያ የሌለው ሜዳ ምን ያህል ጨካኝ እንደሆነ ይህ ቁጥር ይናገራል።

በዚያው ዕለት ግን ድል አድራጊውም በመሬቱ ተታሎ ነበር። 21ኛው የፈረሰኛ ክፍለ ጦር ከጀበል ሱርጋም በስተደቡብ፣ ወደ ኦምዱርማን በሚወስደው መንገድ ላይ ጥቂት መቶ ሰዎች ተሰልፈው አየና ጋለበባቸው። ከነሱ ኋላ ኾር አቡ ሱንት የሚባል ደረቅ የውሃ መውረጃ ነበር። ከርቀት ሲታይ ሜዳው የቀጠለ ይመስላል። በፈፋው ውስጥ ግን ከ2 ሺህ በላይ ተዋጊዎች ተደብቀው ነበር። ፈረሰኞቹ ያዩት አፋፉ ላይ ሲደርሱ ነው፤ ያን ጊዜ ማቆም አይቻልም። ከ300 ከሚበልጡት ፈረሰኞች 21 ሞቱ፣ 50 ያህል ቆሰሉ፣ ከ100 የሚበልጡ ፈረሶችም አለቁ። ይህ ሁሉ የሆነው በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

የቦታውን ስም ልብ በሉ። ሱንት በሱዳን ዐረብኛ የግራር ዓይነት ነው። ይህ ግራር ውሃ የሚተኛበትን መሬት ይወዳል፤ በካርቱም በነጭ አባይ ዳር የሚገኘው የሱንት ደን በወንዙ ሙላት ጊዜ ውሃ የሚገባበትም ለዚህ ነው። አቡ ሱንት ማለት ባለ ሱንት እንደ ማለት ነው። ስሙን የተረዳ ሰው እዚያ ውሃ እንደሚወርድ ይገምታል። የአገሬው ሰው ያወጣው ስም ብዙ ጊዜ ከካርታው መስመር በፊት ይናገራል።

ሦስተኛው ምሳሌ የጦርነት አይደለም። ኦገስት 4 እና 5 ቀን 1988 በካርቱም ላይ በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ 200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ወረደ። የካርቱም የዓመት ዝናብ በአማካይ 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የዓመቱ ዝናብና ከዚያም በላይ በአንድ ጊዜ ወረደ ማለት ነው። ይህ ውሃ በመጀመሪያ የመጣው ከአባይ አልነበረም። ከሰማይ ወርዶ፣ ከምዕራብ ካለው ከፍ ያለ መሬት ተነሥቶ፣ በየኾሩ ወደ ወንዙ ሲጓዝ ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ነው። በኦምዱርማን ኾር አቡ አንጃና ኾር ሻምባት የሚባሉት መውረጃዎች በከተማው መካከል ያልፋሉ። በበጋ ሲታዩ ባዶ ቦታ ናቸው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ቤት አልባ ሆነ። ከሁሉ የተጎዱት በድርቅና በጦርነት ከየክፍለ ሀገሩ ተፈናቅለው በዝቅተኛ ቦታ ላይ የጭቃ ቤት የሠሩት ነበሩ። እነሱም እንደ እኛ ለመሬቱ እንግዳ ነበሩ፤ ባዶ ሆኖ ያገኙትም የቀረውን መሬት ነው።

በ2020 ደግሞ ጎርፉ የመጣው ከወንዙ ነበር። የጥቁር አባይ ከፍታ በካርቱም መለኪያ ላይ ከ17.5 ሜትር አለፈ፤ ይህም መመዝገብ ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ በሆነው ጊዜ ውስጥ ከፍተኛው ነበር። መንግሥትም ለ3 ወር የአስቸኳይ ጊዜ ዐወጀ። የቱቲ ደሴት ነዋሪዎች በወንዙ ዳር ተራ ገብተው ሌሊቱን ውሃውን በመጠበቅ፣ አፈር በከረጢት በመደርደር ሲከላከሉ ቆዩ። በየትኛው በኩል ውሃው ቀድሞ እንደሚገባ ከአባቶቻቸው ስለሚያውቁ ጥበቃቸውን የሚጀምሩት ከዚያ ነው።

ሦስቱን ምሳሌዎች ስናጠቃልል ትምህርቱ አንድ ነው። በካርታ ላይ በተቆራረጠ መስመር የተሣለ ደረቅ ኾር ባዶ መሬት አይደለም። ባለቤቱ ለጊዜው ያልመጣ መንገድ ነው። በላይኛው አገር የሚሠሩ ግድቦች የወንዙን ሙላት ሊቀንሱ ይችላሉ፤ በአካባቢው ዝናብ የሚሞላውን ኾር ግን የሚይዘው ግድብ የለም።

6. ለካምፓችን ምን ይጠቅመናል?

ከአንባቢዎቻችን መካከል በካርቱም፣ በደይም፣ በጂረፍና በሌሎችም ሰፈሮች የኖራችሁ፣ ከኤፕሪል 2023 ጦርነት በኋላ ወደ ምሥራቅ ሱዳን የመጣችሁ ትገኛላችሁ። ከትግራይና ከሌሎች ክፍላተ ሀገር ድንበር ተሻግራችሁ በቀጥታ ወደ ካምፕ የገባችሁም አላችሁ። ሁላችንም የምንኖርበት የምሥራቅ ሱዳን ጥቁር መሬት በበጋ ይሰነጠቃል፤ በኸሪፍ ውሃ አይመጥም፣ መንገዱም ይቆረጣል። የታተመ ካርታ በእጃችን ባይኖርም የሚከተሉትን ማድረግ እንችላለን።

1ኛ/ አገሬውን እንጠይቅ። በአቅራቢያው ያሉ የሱዳን ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች ኾሩ በየት በኩል እንደሚወርድ፣ ከፍተኛው ውሃ እስከ የት እንደደረሰ ያውቃሉ። የቦታውንም ስም ትርጉም እንጠይቃቸው።

2ኛ/ ምልክት እንፈልግ። በቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ጭራሮና ድርቆሽ፣ በአንድ አቅጣጫ የተኛ ሣር፣ የተጠራቀመ ደቃቅ አሸዋ ውሃ ያለፈበትን ያሳያል። ጭራሮው የተንጠለጠለበት ከፍታ የውሃው ከፍታ ነው።

3ኛ/ ልዩነቱን እንለካ። ለጥ ባለ መሬት ላይ ዓይን ያታልላል። ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ አየር ሳይቀርበት በውሃ ሙሉና ሁለቱን ጫፎች በሁለት እንጨቶች ላይ አቁሙ። ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ይቆማል። ከየጫፉ ውሃ እስከ መሬቱ በሜትር ለኩ፤ ርቀቱ የበለጠበት በኩል ዝቅተኛው ቦታ ነው።

4ኛ/ መጸዳጃ የት ይቆፈር? ተቀባይነት ያለው መመሪያ መጸዳጃ ጉድጓድ ከውሃ መገኛ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ፣ ታችኛው ወለሉም ከከርሰ ምድር ውሃው ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ እንዲል ያዛል። ከዚህም በተጨማሪ ከውሃው ቦታ በታች በኩል ይሁን። ከላይ በኩል ከሆነ ጎርፍ ሲመጣ ቆሻሻው ወደምንጠጣው ይወርዳል። ኮሌራና ተቅማጥ የሚሠራጩት በዚህ መንገድ ነው።

5ኛ/ ኾር ሲሞላ አንሻገር። ጉልበት የሚደርስ ፈጣን ውሃ ትልቅ ሰው ይጥላል፤ ሕፃን ደግሞ ከዚያም ባነሰ ይወሰዳል። እኛ ጋ ሳይዘንብ ላይ ዘንቦ ኾሩ በጠራራ ፀሐይ ሊመጣ ስለሚችል ልጆች በኾር ውስጥ እንዳይጫወቱ እናስተምር።

6ኛ/ የራሳችንን ካርታ እንሥራ። እያንዳንዱ ቀጣና የራሱን በአንድ ትልቅ ካርቶን ላይ ሊሠራ ይችላል። ሰሜንን፣ ስኬሉንና ዓመቱን ጻፉበት። ርቀቱን በእርምጃ ለኩ፤ አሥር እርምጃ ስንት ሜትር እንደሚሆን አስቀድማችሁ በሜትር አረጋግጡ። የውሃ ቦኖውን፣ ክሊኒኩን፣ ት/ቤቱን፣ መጸዳጃዎቹን፣ ኾሩንና በባለፈው ኸሪፍ ውሃ የተኛበትን ሁሉ አስገቡ። የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች መኖሪያም ይመልከት፤ ጎርፍ ሲመጣ መጀመሪያ መድረስ የሚገባው እነሱ ጋ ነው። የካምፕ አስተዳደሩና የስደተኞች ኮሚቴው አዲስ መጤዎችን ሲያሰፍሩ ይህን ካርታ ቢያዩት ብዙ ጉዳት ይቀንሳል። ሴቶችን ሳታማክሩ ካርታውን አትጨርሱ፤ ውሃና ማገዶ ፍለጋ በየቀኑ የሚመላለሱት እነሱ ስለሆኑ ወንዶች የማያውቁትን መንገድና ፈፋ ያውቃሉ።

7. መልመጃ

1/ በ1፡50,000 ካርታ ላይ ከካምፑ እስከ ኾሩ 3 ሳንቲ ሜትር ነው። በመሬት ላይ ስንት ይሆናል?

2/ ከጣና እስከ ካርቱም አባይ 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በአማካይ በአንድ ኪሎ ሜትር ስንት ሜትር ይወርዳል? ይህ አማካይ ለካርቱም ነዋሪ የተሳሳተ ግምት የሚሰጠው ለምንድን ነው?

3/ በውሃ ቱቦ ስትለኩ በመጀመሪያው እንጨት ከውሃው እስከ መሬቱ 1.20 ሜትር፣ በሁለተኛው 1.55 ሜትር ሆነ። ዝቅተኛው የትኛው ነው? በስንት?

4/ የምትኖሩበት ካምፕ አጠገብ ያለው ኾር ስሙ ማን ነው? ትርጉሙስ ምንድን ነው?

መልስ፦ 1/ 1,500 ሜትር። 2/ ወደ 1 ሜትር ገደማ፤ ነገር ግን አብዛኛው ቁልቁለት ያለው በኢትዮጵያ ውስጥ ስለሆነ በሱዳን ሜዳ ያለው ቁልቁለት ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ውሃው ቶሎ አይወርድም፣ ወደ ጎን ይሰፋል። 3/ ሁለተኛው፣ በ35 ሳንቲ ሜትር። በዚህ አገር 35 ሳንቲ ሜትር በደረቅ ፍራሽና በረጠበ ፍራሽ መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል። 4/ የአራተኛውን ጥያቄ መልስ ከጎረቤቶቻችሁ ጠይቁና በካርታችሁ ላይ ጻፉት።

የየቀጣናችሁን ካርታ ኸሪፍ ሳይገባ ጨርሳችሁ በት/ቤቱ ወይም በውሃ ቦኖው አጠገብ ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ እንድትለጥፉት አደራ እንላለን።

መልካም ጥናት።